በሲ ቋንቋ የቀንና የሰዓት ፕሮግራሞች ውስጥ የሚፈጠሩ የማኅደረ ትውስታ ስሕተቶችና አፈላለጋቸው

በሲ ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍን የሚማሩ ሠልጣኞች ቀንና ሰዓትን የሚመለከት መልመጃ ሲበላሽባቸው ስሕተቱን በአብዛኛው የሚፈልጉት በሒሳቡ ውስጥ ነው። ወሩ ከዜሮ ጀምሮ መቆጠሩን፣ ዓመቱም 1900 ተቀንሶለት መቀመጡን ደጋግመው ይመረምራሉ። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ ውጤቱ የሚዛባበት ሌላ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ውጤቱ የተቀመጠበት ቦታ የማን እንደሆነና ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ ሳይለዩ መሥራት ነው።

አንድ ሠልጣኝ የፈተናን መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓት የሚያትም ፕሮግራም ጻፈ እንበል። «ሎካልታይም» የተባለውን ፈንክሽን ሁለት ጊዜ ጠርቶ የተመለሱለትን ሁለት አድራሻዎች ይይዛል። ፕሮግራሙ ግን በሁለቱም መስመር የመጨረሻውን ሰዓት ያትማል። ፈንክሽኑ በየጥሪው አዲስ ቦታ አያዘጋጅም፤ በተለመደው አሠራሩ በራሱ ቋሚ ቦታ ላይ ጽፎ የዚያኑ አድራሻ ይመልሳል። ሰሌዳው አንድ ነው፤ የፊተኛው ጽሑፍ ተጠርጎ ሁለተኛው ተጽፎበታል። ስለዚህ ውጤቱን ወዲያው ወደ ራስ ተለዋዋጭ መገልበጥ፣ ወይም ጠሪው ባዘጋጀው ቦታ ላይ የሚጽፈውን የፖዚክስ ደንብ «ሎካልታይም አር» መጠቀም ያስፈልጋል። ቦታው በ«ማሎክ» የተወሰደ ስላልሆነ በ«ፍሪ» መልቀቅም ስሕተት ነው፤ በዚህ የሚሰናከለው ደግሞ «የወሰድኸውን መልስ» የሚለውን ትምህርት በሚገባ የያዘው ሠልጣኝ ነው።

የስፋት ስሕተት ለአማርኛ ጸሐፊ ይበልጥ ያሳስባል። በእንግሊዝኛ ረጅሙ የወር ስም 9 ፊደላት ስላሉት ከመዝጊያው ጋር 10 ባይት ይበቃዋል። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ግን እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ በ10 ባይት ቦታ «ሰኔ» በቀላሉ ይገባል፤ «ሐምሌ» እና «ነሐሴ» ልክክ ብለው ይገባሉ፤ «መስከረም» ግን 16 ባይት ስለሚፈልግ በ6 ባይት ይተርፋል። በክረምት ተሞክሮ ደኅና የተባለው ፕሮግራም ትምህርት ቤት ሲከፈት አጠገቡ ያለውን ተለዋዋጭ ያበላሻል ማለት ነው። የወሮቹን ዝርዝር በ12 የወሰነም በጳጉሜን ከዝርዝሩ ውጭ ያነባል።

ለዚህ ዓይነቱ መተላለፍ «አድሬስ ሳኒታይዘር» መስመሩን ሳይቀር ያመለክታል። «ቫልግራይንድ» በ«ማሎክ» በተወሰደ ቦታ ላይ ብርቱ ቢሆንም በቋሚና በአካባቢያዊ ዝርዝሮች ላይ የሚደርሰውን መተላለፍ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። የፈተናውን ሰዓት ያዛባውን ስሕተት ግን ሁለቱም መሣሪያዎች አያገኙትም፤ እያንዳንዱ ንባብና ጽሕፈት በተፈቀደ ቦታ ላይ የተደረገ ነውና። እርሱን ለማግኘት የተያዙትን ሁለት አድራሻዎች አትሞ አንድ መሆን አለመሆናቸውን ማየት ይበቃል።