የቆለፍኩበት ጊታር

ጊታሩን የቆለፍኩበት እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 ትልቁ ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው እየቀረበ ሲመጣ ደብተሩን ትቶ ከጊታሩ ጋር ማምሸት አበዛ። ብመክረው፣ ብቆጣው አልሰማ ሲለኝ፣ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሄዶ ሳለ ጊታሩን ከነቦርሳው አንስቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ሲመጣ አልጮኸም። ዝም ብቻ አለ። ከዚያ ወዲያ «እሺ» እና «አልፈልግም» ከሚሉት ቃላት በስተቀር ከአፉ አይወጣም ነበር።

አብረውን የሚኖሩት አባቴ ግን «ደግ አደረግሽ፤ በእኛ ዘር አዝማሪ የለም» አሉኝ። እኔም ልክ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። የልጁ ዝምታ ግን ቤቱን እንደ ለቅሶ ቤት አደረገው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና እያፈላሁ ሳለ ከልጄ ክፍል ኃይለኛ የጊታር ድምፅ ሰማሁ። ቁም ሳጥኑን ሰብሮ አወጣው ብዬ በንዴት በሩን ብከፍተው እጁ ባዶ ነው። ቴፑ ፊት መሬት ላይ ተቀምጦ ሲዲ ያዳምጣል። «ጃኖ ባንድ ነው፤ አዲስ ባንድ ናቸው። የመጀመሪያ አልበማቸው ነው» አለኝ። ለሳምንታት ካወራኝ ሁሉ ረጅሙ ይኼ ነበር። ስለዚህ ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

አልበሙ «ኤርታሌ» ይባላል። በአፋር ምድር የቀለጠ ድንጋይ በሚፍለቀለቅበት እሳተ ገሞራ የተሰየመ ነው። ከፊት የሚዘፍኑት አራት ናቸው፤ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች። ፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል የተባለ አሜሪካዊ መሆኑን ልጄ ሲነግረኝ ስሙ አዲስ ሆነብኝ። የእጅጋየሁ ሽባባውን የ2001 አልበም የሠራው ሰው ነው ሲለኝ ግን ጆሮዬን አቀናሁ፤ የጂጂን ድምፅ እወዳለሁና።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነበር። ከበሮው ደረቴን ይመታኛል፣ ጊታሩ ጆሮዬን ይበሳኛል። ቆይቶ ግን ከጩኸቱ ሥር የማውቀው ዜማ ብቅ አለ። ልጅ ሆኜ በሠርግ ቤት፣ በበዓል የሰማሁት ዓይነት ዜማ ነው። «ይኼ የእኛ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

ፊቱ በራ። «እማዬ፣ የሮክ ጊታር ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ ሶሎ የሚጫወቱት አምስት ድምፅ ባለው ስኬል ነው። የእኛም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። እኔም ሌሊት የምቀመጠው ባቲን በጊታር ለማግኘት ነበር» አለኝ። እኔ ጊታሩን ስቆልፍበት ምን እንደሚጫወት አንድም ቀን አልጠየቅኩትም ነበር።

በዚህ መሀል አባቴ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። «ምንድን ነው ይኼ የፈረንጅ ቀረርቶ?» አሉ።

«የፈረንጅ አይደለም አባዬ፤ የእኛ ልጆች ናቸው። ጃኖ ይባላሉ።»

«ጃኖማ የሹማምንት ልብስ ነበር» አሉና ትንሽ አሰብ አደረጉ።

እኔም ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶግራፋቸውን አስታወስኳቸው፤ አፍሮ ፀጉር፣ ቤልቦተም ሱሪ። እሳቸው ጎረምሳ በነበሩበት ዘመን «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የተባለው ዓለማየሁ እሸቴ ይዘፍን ነበር። የዚያን ጊዜ ወላጆችም በሙዚቃውና በፀጉሩ ይናደዱ ነበር። አባቴ ሳቁ። «አባቴ ተኝቼ ሳለ ፀጉሬን በመቀስ ሊቆርጡኝ መጥተው ነበር» አሉ። ይህን ከዚያ በፊት ነግረውን አያውቁም። ወንበር ስቦላቸው ተቀመጡና «የሴቷን እስቲ ድገመው» አሉት።

ያን ዕለት ማታ ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። ሦስታችን ቁጭ ብለን ተስማማን። በሥራ ቀን መጀመሪያ ጥናት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ጊታር፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የራሱ ነው። ደንቡን በገዛ እጁ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ሁለት ጊዜ አፍርሶታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሱ ነገረኝ።

ፈተናውን አለፈ። ያለፈው ጊታሩን ስለመለስኩለት ነው አልልም፤ ያጠናው እሱ ነው። እኔ ያተረፍኩት ልጄን መልሶ ማነጋገሩን ነው። አባቴም እስከ ዛሬ «ሙያ ይያዝ፤ ጊታሩ ለትርፍ ጊዜው ይሁን» ይላሉ፤ በዚህ ገና እየተከራከሩ ነው።

እናንተም ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ የሚያዳምጠው ነገር ጩኸት ከሆነባችሁ፣ «ቀንሰው» ከማለታችሁ በፊት አንድ ዘፈን እስኪያልቅ አጠገቡ ተቀመጡ። መውደድ ግዴታ አይደለም። እኔ ራሴ «ኤርታሌ»ን ሳዳምጥ ዛሬም ሁለት ዘፈን እዘላለሁ።