የጎረቤቶቻችን የቅርጫት ኳስ ዘመንና የነጋዴው ድርሻ

ክቡራን አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፣ በኦሞ ወንዝ አጠገብ ያለችው ካንጋተን የኛንጋቶም ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ወረዳው ከኬንያና ከደቡብ ሱዳን ጋር ይዋሰናል። የሕዝቡም ቋንቋ በኬንያ ካሉት ከቱርካናዎችና በደቡብ ሱዳን ካሉት ከቶፖሳዎች ቋንቋ ጋር የቀረበ ዝምድና አለው። ስለዚህ በናይሮቢ ወይም በጁባ የተጀመረ አዲስ ሥራ ለጂንካና ለካንጋተን ነጋዴ የሩቅ አገር ወሬ ሊሆንበት አይገባም። ዛሬ የምናወሳው አዲስ ሥራ ደግሞ ደመወዝተኛ የቅርጫት ኳስ ነው። በንግድ ጋዜጣ ላይ የኳስ ወሬ ማግኘቱ የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው ከሒሳብ መዝገብ ላይ ነውና።

የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ የተባለው ማኅበር በ2019 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካው ታላቅ የቅርጫት ኳስ ማኅበርና በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ተባባሪነት እንደሚቋቋም ተነገረ። በ2020 ሊጀመር ታስቦ የነበረው ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተላልፎ፣ በግንቦት ወር 2021 በኪጋሊ ተከፈተ። ተወዳዳሪዎቹ 12 ክለቦች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ዘመን ጨዋታዎች በሙሉ ያለቁት በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። የግብፁ ዛማሌክ የቱኒዚያውን ሞናስቲር 76 ለ63 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። እዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ይኸውም ክለቦቹ በየአገራቸው እየተመላለሱ በመጫወት ፋንታ በአንድ ከተማ ተሰብስበው፣ አድረውና በልተው፣ ጨዋታቸውን ጨርሰው መመለሳቸው ነው። እንዲህ ያለው ውድድር ከእስፖርት ይልቅ ዓመታዊ ገበያን ይመስላል።

ከጎረቤቶቻችን በመጀመሪያ በዚህ ገበያ የቆመው የደቡብ ሱዳኑ ኮብራ ስፖርት ነው። ኮብራ በ2022 በናይል ምድብ ተመድቦ ወደ ካይሮ ሄደ፤ ከሚያዝያ 9 እስከ 19 ባሉት ቀኖች ከአምስት ክለቦች ጋር አንዳንድ ጊዜ ተጋጥሞ፣ ወደ መጨረሻዎቹ ስምንት ሳያልፍ ተመለሰ። የአንድ ዓመት ድካም ፍሬው አምስት ጨዋታ ሆነ ማለት ነው። በ2023ና በ2024 የኡጋንዳው ሲቲ ኦይለርስ በተራው ካይሮ ድረስ ሄዷል። በ2025 ደግሞ ናይሮቢ ሲቲ ተንደር ከኬንያ ክለቦች የመጀመሪያው ሆኖ ለሊጉ በቃ፤ እርሱም በግንቦት ወር በኪጋሊ ስድስት ጨዋታ አድርጎ ከምድቡ አላለፈም። ሦስቱም ክለቦች ገንዘባቸውን ያፈሰሱት በሰው አገር ሆቴልና በሰው አገር ገበያ ነው። ይህን የምንለው ልናቃልላቸው አይደለም፤ ማንም ጀማሪ ነጋዴ በመጀመሪያው ዓመት የሚከፍለው ዋጋ ነው።

የደቡብ ሱዳን ነገር ግን ሰፋ አድርጎ መነገር ይገባዋል። አገሪቱ ነጻነቷን ያገኘችው በ2011፣ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አባል የሆነችው ደግሞ በ2013 ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2023 የዓለም ዋንጫ፣ ብሔራዊ ቡድንዋ ቻይናን 89 ለ69፣ ፊሊፒንስን 87 ለ68፣ አንጎላን 101 ለ78 አሸንፎ፣ ከአፍሪካ ቡድኖች የላቀ ውጤት በማግኘት ለፓሪስ ኦሎምፒክ አለፈ። ከኦሎምፒኩ በፊት በሐምሌ 2024 በሎንዶን በተደረገ የወዳጅነት ግጥሚያ የአሜሪካን ቡድን አስጨንቆ የተሸነፈው 101 ለ100፣ በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። በፓሪስም ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ረትቷል። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት የቀድሞው ስመ ጥር ተጫዋች ሉኦል ዴንግ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለቡድኑ ወጪ ከግል ኪሱ ያወጣ እንደ ነበር በሰፊው ተዘግቧል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድል ሲገኝ በጁባ ለዓለም አቀፍ ግጥሚያ የሚበቃ ጣራ ያለው የቅርጫት ኳስ አዳራሽ አልነበረም። ስሙ ከጁባ ወጣ፤ የቲኬቱ፣ የአልጋው፣ የምሳውና የታክሲው ገንዘብ ግን በማኒላ፣ በካይሮና በፓሪስ ቀረ። ሸቀጡ የአንድ አገር፣ ገበያው የሌላ አገር ሲሆን ትርፉ ወዴት እንደሚያደላ ለቡናና ለቆዳ ላኪዎቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም።

የዚህ ተቃራኒ ምሳሌ ኪጋሊ ናት። በ2019 ወደ 10,000 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ሠርታ አስመረቀች። በ2021 ሙሉውን ውድድር፣ በ2022፣ በ2023ና በ2024 የፍጻሜውን ሰሞን፣ በ2025 ደግሞ የናይልን ምድብ አስተናገደች። በእነዚህ አምስት ዓመታት ዋንጫው ወደ ግብፅ ሁለት ጊዜ፣ ወደ ቱኒዚያ፣ ወደ አንጎላና ወደ ሊቢያ አንዳንድ ጊዜ ሲሄድ፣ አንድም የሩዋንዳ ክለብ አላነሣውም። የከተማው ሆቴልና ሱቅ ግን በየዓመቱ እንግዳ ተቀብሏል። በ2022 የኪጋሊ ባንክ የአዳራሹን ስም ለስድስት ዓመት በ7 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ገዝቶ፣ ሕንፃው በባንኩ ስም እንዲጠራ አደረገ። እርግጥ የሩዋንዳ መንግሥት አዳራሹን ለመሥራትም ሆነ ለማስታወቂያው የከፈለው ገንዘብ አለ፤ ትርፉን የሚቆጥር ሰው ይህንንም በወጪ በኩል መጻፍ ይኖርበታል።

በአገራችንም ለዚህ የሚቀርብ ሁኔታ ታይቷል፤ ነገር ግን በእግር ኳስ ነው። በ2013 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር (2020/21) የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች በወረርሽኙ ምክንያት በየከተማቸው መጫወታቸውን ትተው፣ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በየተራ ተሰብስበው እንዲጫወቱ ተደረገ። በተመረጡ ከተሞች የመሰብሰቡ ልማድ ከዚያም በኋላ ቀጠለ። ሊጉ ለሳምንታት የሚሰነብትበት ከተማ ለአልጋ፣ ለምግብና ለመጓጓዣ ደንበኛ ያገኛል፤ በአንጻሩ የራሱን ክለብ በሜዳው ማየት የለመደው ከተማ ደንበኛውን ያጣል። በዚህ የተጎዱት ከተሞች ቅሬታ ቢያሰሙ አይፈረድባቸውም።

እንግዲህ ወደ ደቡብ ኦሞ እንመለስ። ካንጋተን ነገ የደመወዝተኛ ክለብ ባለቤት ትሁን ብለን አንመክርም፤ እንዲህ ያለ ምክር ቀልድ ይሆናል። የምንለው ሌላ ነው። የወረዳ ወይም የዞን የእስፖርት ውድድር በመጣ ቁጥር ነጋዴው ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ መዋጮውን ከፍሎ ደረሰኙን ተቀብሎ ይቀመጣል፤ ገንዘቡ ለምን እንደዋለ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። የኪጋሊው ባንክ ያደረገው ግን ውል ነው። ስንት ዓመት፣ በየትኛው ግድግዳ ላይ፣ በስንት ብር የሚለው ተጽፎ የተፈረመ ነው። የካንጋተን ባለሱቅም ሆነ የጂንካ ባለሆቴል አምስት ሺህ ብር ሲሰጥ፣ ስሙ በተጫዋቾቹ መለያ ላይ እንዲጻፍ ወይም የእንግዶቹ ማረፊያ በእርሱ ቤት እንዲሆን አስቀድሞ ቢዋዋል ነውር የለበትም። ስጦታ መስጠት የፈለገም ይስጥ፤ ነገር ግን ስጦታውን ስጦታ፣ ንግዱን ንግድ ብሎ ለይቶ ይመዝግበው።

የቅርጫት ኳስ ለቆላ ከተማ የሚስማማበት ምክንያትም አለ። ሜዳው 28 ሜትር በ15 ሜትር ብቻ ስለሆነ ከእግር ኳስ ሜዳ ጋር ሲነጻጸር የሚፈልገው መሬት ጥቂት ነው፤ ሣር ማጠጣትም አያሻም። ሙቀቱ በርዶ ሲመሽ ጥቂት መብራት ተተክሎ ሊጫወቱበት ይቻላል። በመብራት የሚጫወቱበት ሜዳ ደግሞ በዙሪያው ሻይ፣ ለስላሳና ውሃ የሚሸጥበት ሜዳ ነው።

ዕቃ ለማምጣት ለሚያስቡ አስመጪዎች አንድ ነገር እናስታውሳለን። በሊጉ አዳራሾች የሚታየው ባለቆዳ ኳስ ለእንጨት ወለል የተሠራ በመሆኑ በሲሚንቶ ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ለእኛ ሜዳዎች የሚበጀው የጎማው ነው። መጠኑም ለወንዶች 7 ቁጥር፣ ለሴቶች 6 ቁጥር፣ ለታዳጊዎች 5 ቁጥር ነው። ቀለበቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሰቀላል፤ በጂንካ ያለ ጎበዝ ብረት በያጅ ሊሠራው ስለሚችል ከውጭ ማስመጣቱ የውጭ ምንዛሪ ማባከን ነው። መረቡ ግን ቶሎ ስለሚበጠስ ትርፍ መያዝ ይበጃል።