ሶኬት ላይ የሚሰካው «ቆጣቢ» በእርግጥ ይቆጥባልን?

በገበያ የሚሸጥ አንድ አነስተኛ የፕላስቲክ ዕቃ አለ። ሶኬት ላይ ሲሰካ አረንጓዴ መብራት ያበራል፤ ሻጩም የቤቱን የመብራት ሂሳብ በሲሶ፣ አለፍ ሲልም በግማሽ እንደሚቀንስ ይናገራል። ገዢው ቢጠራጠር በሙከራ ያሳየዋል። አነስተኛ ሞተር ያስነሣል፣ አምፔር መለኪያ ያገናኛል፣ ከዚያም ቆጣቢውን ይሰካል። የመለኪያው ቁጥር በእርግጥ ይወርዳል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ አሳሳቹ ነገር የሚለካው መጠን ነው።

ዕቃው ሲከፈት በአብዛኛው የሚገኝበት አንድ ካፓሲተር ነው። የካፓሲተሩን ተግባር ለመረዳት የማቀዝቀዣን ሞተር እንመልከት። የሞተሩ የሽቦ ጥቅል መግነጢሳዊ መስክ ስለሚፈጥር ከረንቱ ከቮልቴጁ ወደ ኋላ ይዘገያል። ስለሆነም ከመስመሩ ከሚመጣው ኃይል ከፊሉ ሥራ ሲሠራ፣ ከፊሉ መስኩን ለመገንባት ይገባና መስኩ ሲፈርስ ተመልሶ ይወጣል። የመጀመሪያው በዋት፣ ሁለተኛው ማለትም ሪአክቲቭ ኃይል በቫር ይለካል።

ሞተሩ 120 ዋትና 160 ቫር ይወስዳል እንበል። በፓይታጎረስ ሕግ ድምሩ 200 ቮልት አምፔር ነው፤ በ220 ቮልት 0.91 አምፔር ይሆናል። 5 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ50 ኸርዝ 76 ቫር ያህሉን ከአጠገቡ ስለሚያቀርብ ከመስመሩ የሚሳበው ከረንት ወደ 0.67 አምፔር ይወርዳል። 120 ዋቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው ደግሞ ይህንኑ ዋት ነው። በባለ ዲስኩ ቆጣሪ ውስጥ አንዱ ጥቅል ለቮልቴጅ፣ ሌላው ለከረንት የተመደበ ሲሆን፣ ዲስኩን የሚያዞረው ከቮልቴጁ ጋር እኩል የሚራመደው የከረንት ክፍል ብቻ ነው። ገብቶ የሚወጣው ኃይል አማካዩ ዜሮ ስለሆነ ሂሳብ ላይ አይደርስም። ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪም ቮልቴጁንና ከረንቱን በየቅጽበቱ እያባዛ ስለሚደምር ውጤቱ ያው ነው።

ከረንቱ ሲቀንስ በቤቱ ሽቦ ላይ የሚባክነው ሙቀት አይቀንስምን? ይቀንሳል። የሽቦው ሬዚስታንስ ግማሽ ኦም ቢሆን ትርፉ 0.19 ዋት ገደማ ነው፤ የዕቃው አረንጓዴ መብራት ብቻውን ግማሽ ዋት ቢወስድ ኪሳራ ላይ ነን። በብዙ አገሮች ሪአክቲቭ ኃይል የሚያስከፍላቸው ፋብሪካዎች በትልልቅ ካፓሲተሮች መጠቀማቸው ግን ተገቢ ነው፤ የሻጩ ተረት የተቀዳውም ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።

በእኛ ቤት ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስደው የእንጀራ ምጣድ ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በሁለት ሰዓት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ምጣዱ ሬዚስታንስ ብቻ ስለሆነ ከረንቱ አይዘገይም፤ ካፓሲተሩ የሚያቃናው ነገር የለም። እዚህ የሚቆጥበው አንዴ የጋለው ምጣድ ሳይበርድ በተከታታይ መጋገር ነው።

ሻጩን ለመፈተን የሚሻ ተማሪ አምፔር መለኪያውን ይተወውና ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፍቶ አንድ የአየር ማራገቢያ ብቻ ያስነሣ። ቆጣሪው ባለ ዲስክ ከሆነ አሥር ዙር ለመዞር የሚፈጅበትን ጊዜ አንድ ጊዜ ያለ «ቆጣቢው»፣ አንድ ጊዜ ከ«ቆጣቢው» ጋር በሰዓት ይለካ።