የትዳር ጓደኛ ሰነድ ዝግጅት በካናዳ የባለሙያ ቋሚ ነዋሪነት ማመልከቻ

ወደ ካናዳ በሙያቸው ለመግባት የሚያመለክቱ የጤና ባለሙያዎች ትኩረታቸውን በአብዛኛው በራሳቸው ዲግሪ፣ የሥራ ልምድና የቋንቋ ፈተና ላይ ያደርጋሉ። የትዳር ጓደኛ ሰነድ ግን በመጨረሻው ሰዓት የሚሰበሰብ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በተጀመረው ኤክስፕረስ ኢንትሪ በተባለው ሥርዓት፣ ግብዣ የደረሰው አመልካች የተሟላ ማመልከቻ የሚያቀርብበት ጊዜ 60 ቀን ብቻ ነው። ባለቤቱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ በአንድ አገር በተከታታይ 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ ከኖረች፣ ከዚያ አገር የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ሠርታ ለተመለሰች ሰው ይህን በ60 ቀን ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ግብዣው ሳይደርስ መጀመር ይበጃል።

የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ በአማርኛ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ይቀርባል። ስሕተት የሚበዛው በቀን አቆጣጠር ነው፤ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የተፈጸመ ጋብቻ እ.ኤ.አ. በ2005 ላይ ሲውል፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ የተፈጸመው ግን በ2006 ላይ ይውላል። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ሊጻፍ ስለሚችል ትርጉሙ ከፓስፖርቱ ጋር መስማማት አለበት። ቀደም ሲል ሌላ ትዳር ከነበረ የፍቺው ወይም የሞቱ ማስረጃ ይጨመራል። ሳይጋቡ በትዳር መልክ ቢያንስ አንድ ዓመት አብረው የኖሩ ጥንዶችም አብሮ መኖራቸውን በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅባቸዋል።

አብራ የምትሄድ የትዳር ጓደኛ እስከ 40 ነጥብ ልታስገኝ ትችላለች፤ 10 ለትምህርት፣ 20 ለቋንቋ፣ 10 በካናዳ ውስጥ ለተገኘ የሥራ ልምድ። የትምህርት ግምገማው ለ5 ዓመት፣ የቋንቋ ፈተናው ለ2 ዓመት ያገለግላል። ሁለቱም የጤና ባለሙያዎች ከሆኑ ማን ዋና አመልካች ቢሆን እንደሚሻል በሁለቱም መንገድ ማስላት ተገቢ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የማትሄድን ባለቤት ከማመልከቻው መተው ነው። እርሷ አገር ቤት ብትቀርም መገለጽና መመርመር አለባት፤ አለበለዚያ በኋላ በቤተሰብ ስፖንሰርነት ልትጠራ የምትችልበት በር በመሠረቱ ይዘጋል። በመተዳደሪያ ገንዘብ ስሌት ውስጥም ትቆጠራለች። ችግሩ ሆን ተብሎ በሚደረግ መደበቅ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ «ወጪው ይቅለልልን» በሚል ቅን ሐሳብም ይፈጸማል።

የሕክምና ምርመራው ካናዳ በሰየመችው ሐኪም ብቻ ይደረጋል፤ ባል ሐኪም ቢሆንም የሚስቱን ቅጽ መሙላት አይችልም። ከእ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 2025 ወዲህ በኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚያመለክቱ ሁሉ ምርመራውን ማመልከቻው ከመግባቱ አስቀድመው ማድረግ ይኖርባቸዋል። የውጤቱ ዕድሜ 12 ወር ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ባለቤት የደረት ራጅን እስከምትወልድ ማዘግየት ትችላለች፤ ነገር ግን ይህ ውሳኔውን ያዘገያል። በጤና ምክንያት የእርሷ መግባት ቢከለከል የዋናው አመልካች ማመልከቻም አብሮ ሊወድቅ ይችላል።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ወይም የተወለደ ልጅ፣ ቋሚ ነዋሪነቱ ከመጽናቱ በፊት ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ መገለጽ አለበት።