ሃያ አራት ጥያቄ በአርባ አምስት ደቂቃ

ከሌሊት ፈረቃ የተመለሰችው እህታችን ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የምትሠራው ለንደን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ለዜግነት ፈተናዋ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ቡናው እስኪፈላ እኔ እጠይቃለሁ፣ እሷ ትመልሳለች።

«የሄስቲንግስ ጦርነት?»

«1066።»

«ማግና ካርታ?»

«1215።»

«የስፔን የጦር መርከቦች ድል የተመቱት?»

ቆም አለች። «1580 . . . ቆይ፣ ቆይ፣ 1588።»

ገጹን ሳየው ገባኝ። ከእያንዳንዱ ዓመተ ምሕረት ጎን፣ በእርሳስ፣ የእኛን አቆጣጠር ጽፋበታለች። «በእኛ ካላሰብኩት አይያዝልኝም፣ ወንድሜ» አለችኝ። ዓድዋን 1888፣ መቅደላን 1860 ብላ የተማረች ሰው የእንግሊዝን ነገሥታት ለመሸምደድ መጀመሪያ ስምንት ዓመት መቀነስ፣ ፈተናው ላይ ደግሞ መልሳ መደመር አለባት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በብሪታንያ ዜግነት የሚጠይቅ፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 64 የሆነ ሰው ሁሉ፣ የጤና ችግር ካላገደው በቀር፣ «ላይፍ ኢን ዘ ዩኬ» የሚባለውን ይህን ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። በኮምፒዩተር የሚሰጥ 24 ጥያቄ ነው፤ የተመደበለት ጊዜ 45 ደቂቃ ሲሆን ለማለፍ 18 መመለስ ይበቃል። ክፍያው 50 ፓውንድ ነው። የወደቀ ከሰባት ቀን በኋላ እንደገና ከፍሎ እንደገና ይቀመጣል። አብዛኛው የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ጠያቂም ይፈተናል። በጥገኝነት የመጣ ሰው ግን ለረጅም ጊዜ ለመኖሪያ ፈቃዱ አልተጠየቀውም ነበርና ብዙው ወገናችን ከዚህ መጽሐፍ ጋር የሚፋጠጠው በመጨረሻው ደጃፍ ላይ፣ ዜግነት ሲጠይቅ ነው።

ፈተናው ከየት መጣ? በ2001 በጋ ኦልድሃም፣ በርንሊና ብራድፎርድ በተባሉ የሰሜን እንግሊዝ ከተሞች ረብሻ ተነሣ። በአንድ ከተማ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሰዎች አይተዋወቁም የሚለው ጭንቀት መንግሥትን ያዘው። የያኔው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዴቪድ ብላንኬት የዩኒቨርሲቲ መምህራቸው የነበሩትን ፕሮፌሰር በርናርድ ክሪክን ኮሚቴ እንዲመሩ ጠሯቸው፤ የ2002ቱ ሕግም የቋንቋና የኑሮ ዕውቀት ግዴታን አመጣ። በፌብሩዋሪ 2004 የመጀመሪያው የዜግነት ሥነ ሥርዓት በለንደን ብሬንት ማዘጋጃ ቤት ተካሄደ፤ በዓመቱ መጨረሻ የፈተናው መዘጋጃ መጽሐፍ ታተመ፤ በኖቬምበር 2005 ፈተናው ተጀመረ።

ከ2013 በፊት የነበሩት እትሞች የታሪክ ምዕራፍ ነበራቸው፤ ፈተናው ግን ከዚያ ምዕራፍ አይወጣም ነበር። ጥያቄው ስለ ሥራ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሐኪም ቤት፣ ስለ ምክር ቤት ነበር። አምቡላንስ እንዴት ይጠራል? ወንጀል ለማን ይነገራል? እኔ ይህን ሐሳብ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ቤት ገብቶ ለሚኖር ሰው አስቀድሞ የሚነገረው መብራቱ የት እንደሚበራ ነው፤ ቤቱን ማን እንደሠራው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

በ2013 ነገሩ ተገለበጠ። ስለ ውኃ ቆጣሪና ስለ ባቡር ሰዓት የሚናገረው «ተራ» ነገር ወጥቶ ታሪክና ባህል እንዲገባ ተወሰነ፤ ታሪኩም የግዴታ ፈተና ሆነ። በደርሃም ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ቶም ብሩክስ፣ ራሳቸው ከአሜሪካ መጥተው ፈተናውን ያለፉ ሰው፣ አዲሱን እትም ገጽ በገጽ መረመሩት። ወደ 3,000 የሚጠጋ መረጃና ከ270 በላይ የታሪክ ዓመት ቆጠሩ። የለንደን አይ የተባለው ትልቅ መንኮራኩር ቁመት በጫማም በሜትርም አለ፤ አምቡላንስ የሚጠራበት 999 ግን የለም። በ1810 የመጀመሪያውን የህንድ ምግብ ቤት ለንደን ላይ የከፈተው ሼክ ዲን መሐመድ መቼ እንደተወለደ፣ ከማን ጋር እንደኮበለለ ሁሉ ተጽፏል። ሰውዬው የሚያስደንቅ ሰው ነው፤ ታሪኩን ማንበብ ደስ ይለኛል። የሚከነክነኝ፣ እኩለ ሌሊት ላይ አንድ አዛውንት መተንፈስ ሲያቅታቸው ስልክ አንሥታ የምትደውለው ይህችው እህታችን መሆኗ ነው። 999ን የነገራት መጽሐፉ አልነበረም።

ይህን የሚሉት ውጭ ያሉ ተቺዎች ብቻ አይደሉም። በ2022 የላይኛው ምክር ቤት ኮሚቴ መጽሐፉ እዚህም እዚያም የተለቃቀሙ፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቃቸው ነገሮችና የግል አስተያየቶች ክምር መሆኑን ለመንግሥት ጽፏል። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሩንም በ2012 አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን ቀርበው «ማግና ካርታ» በእንግሊዝኛ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቁ መልሱ ጠፍቷቸው ነበር። ዜጋ ለመሆን የሚያበቃው ይህ ቢሆን ኖሮ ስንቱ የአገሩ ተወላጅ በወደቀ!

ከሁሉ የከበደው ግን የጎደለው ሳይሆን የተባለው ነው። መጽሐፉ የቅኝ ግዛቶቹን ነፃ መውጣት በአብዛኛው ሥርዓት ባለው መንገድ የተካሄደ ሽግግር አድርጎ ያስጠናል። ይህ እትም በወጣበት በዚያው 2013 የብሪታንያ መንግሥት በማው ማው አመፅ ዘመን በእስር ካምፖች ለተሠቃዩ 5,228 ኬንያውያን በፓርላማ ፊት ጸጸቱን ገልጾ 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ሊከፍል ተስማማ። አንዱ የመንግሥት እጅ ካሳ ሲፈርም ሌላው እጅ «በሥርዓት ነበር» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በ2020 ከ180 የሚበልጡ የታሪክ ምሁራን ስለ ባርነትና ስለ ግዛቱ የተጻፈው ክፍል እንዲታረም ግልጽ ደብዳቤ አወጡ። ከኬንያ፣ ከህንድ፣ ከናይጄሪያ የመጣ ሰው አያቱ የነገሩትን ትቶ ሌላ መልስ መርጦ 50 ፓውንድ እንዲከፍል መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም። የእኛ ሰውም ቢሆን መቅደላን ያውቃል። የሰባት ዓመቱ ልዑል አለማየሁ ከአባቱ ሞት በኋላ ተወስዶ በ18 ዓመቱ በ1879 ሊድስ ከተማ አርፎ ዊንዘር መቀበሩን ያውቃል። ታሪክን ባዶ እጁን ሊማር የመጣ ተማሪ አይደለም።

ፈተናው ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ዜግነት ቀላል ነገር ስላልሆነ ነው ይህን ያህል የምለው። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች ከኬንያ ወይም ከናይጄሪያ የመጣው ጎረቤታችን በነዋሪነቱ በአጠቃላይ ምርጫ ሲመርጥ የእኛ ሰው ዜጋ እስኪሆን ቆሞ ያያል። ዜጋ ሲሆን ደግሞ የአገሩን ይለቃል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም። የማመልከቻው ክፍያ ከ1,500 ፓውንድ በላይ ነው። ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ በትንሽ ጀልባ ወይም በጭነት መኪና ተደብቆ የገባ ሰው፣ ስንት ዓመት ቢቆይ፣ የዜግነት ጥያቄው በመደበኛው ውድቅ እንዲሆን መመሪያ ወጥቷል። ሊቢያን ተሻግሮ በፈረንሳይዋ ካሌ ያደረ ወንድማችን 24ቱንም ጥያቄ ቢመልስ በሩ እንደተዘጋ ሊቆይ ይችላል። «ጠንክረህ አጥና» ስንለው የኖርነውን ልጅ ዛሬ ምን እንደምንለው እኔ እንጃ።

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። ስለ ስፖርት የሚናገረው ገጽ ላይ ስንደርስ እህታችን ፊቷ ፈካ። ሶማሊያ ተወልዶ ለብሪታንያ የሮጠው ሞ ፋራህ በ2012 ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ማግኘቱ ተጽፏል። «ይህን መቼ እረሳዋለሁ!» አለች። «በአሥር ሺው የእኛዎቹ ታሪኩ ሦስተኛ፣ ቀነኒሳ አራተኛ፤ በአምስት ሺው ደጀን ሁለተኛ። አልቅሻለሁ።» ይህን ማንም አላስጠናትም።

ወደ ኋላ ስንገልጥ፣ የሴቶች የመምረጥ መብት። ኤመሊን ፓንክኸርስት፣ 1858 ማንቸስተር ተወለዱ፤ በ1903 የሴቶቹን ማኅበር መሠረቱ፤ ሴቶች በ1918 ከ30 ዓመት በላይ የሆኑት፣ በ1928 ደግሞ እንደ ወንዶቹ በ21 የመምረጥ መብት አገኙ። እህታችን ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ፓንክኸርስት . . . የእኛዋ ሲልቪያ ምኗ ናት?»

«እናቷ ናት።»

ፋሺስት ጣልያን አገራችንን ሲወር በ1936 ለኢትዮጵያ ጋዜጣ አቋቁማ የጮኸችው፣ በነርስነት እዚሁ ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል ለሠለጠነችው ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ፣ ዛሬ ጦር ኃይሎች ለምንለው ሆስፒታል፣ ገንዘብ ያሰባሰበችው ሲልቪያ። በ1956 አዲስ አበባ ገብታ፣ በ1960 አርፋ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞቹ ጋር የተቀበረችው። መጽሐፉ የሚያስጠናው እናትየዋን ነው።

«ሥላሴ ግቢ መቃብሯን አይቼዋለሁ» አለች። «ልጅ ሆኜ፣ ከእናቴ ጋር። ፈረንጅ እዚህ ምን ትሠራለች ብዬ እናቴን ጠይቄያት ነበር።»

ቡናው ገነፈለ። እሷ እርሳሷን አንሥታ ከኤመሊን ስም ጎን፣ 1858 ከሚለው ሥር 1850 ብላ ጻፈች፤ ከዚያም ከጎኑ «ልጇ ሥላሴ» የሚል ጨመረች።