“ፊልም ያለ ጽሑፍ ነው የማየው፤ ሃንድአውቱ ግን አይገባኝም!”

እናንተዬ፣ ዘንድሮ እንግሊዝኛ የማይችል የከተማ ልጅ አለ እንዴ? ዘፈኑን ከዘፋኙ ቀድሞ ያንጎራጉረዋል፣ ሲናደድ የሚሳደበውም በፈረንጅ አፍ ነው። (ሲያፈቅርማ አይነሳ!) ይኸው ልጅ ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ይገባና የመጀመሪያው ፈተና ላይ ከ30 ዘጠኝ ያገኛል። “መምህሩ ጠምዶኝ ነው” ብሎ ለጓደኞቹ ያወራል። መምህሩ እኔ ነኝ። ማን ይሙት፣ አልጠመድኩትም!

ከአዲስ አበባ ወጣ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ፍሬሽማኖችን አስተምሬያለሁ፣ “ሬሜዲያል” የሚባሉትንም አስተምሬያለሁ። ሬሜዲያል እንዴት እንደመጣ አትረሱትም። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ከተፈታኙ 3.3 ከመቶ መሆኑ ነው። በዚህ የተነሳ በ2015 ዓ.ም ከቀሪዎቹ ሻል ያለ ውጤት ያላቸው ተመርጠው ለአራት ወር ያህል የማካካሻ ትምህርት ሊወስዱ ግቢ ገቡ። ካለፉ ፍሬሽማን፣ ከወደቁ ወደ ቤት! አስቡት እስቲ፦ እናት ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ጠርታ፣ “ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባልኝ” ብላ መርቃ ሸኝታዋለች። በአራት ወሩ ሻንጣውን ተሸክሞ በዚያው ጎረቤት ደጅ ሲያልፍ ምን ይበል?

ከእነዚህ ልጆች መካከል ሁለቱን ላጫውታችሁ።

አንደኛዋ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። አፏን ከከፈተች እንግሊዝኛው ይንቆረቆራል፤ ክፍሉ ሁሉ አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማት። የከተማንና የገጠርን ኑሮ “ኮምፔር” አድርጉ የሚል ጥያቄ ሰጠሁ። እሷ ስለ ከተማ አንድ ገጽ፣ ስለ ገጠር አንድ ገጽ ጻፈች። ሁለቱ ግን አንድም ቦታ አልተገናኙም፤ በምን እንደሚመሳሰሉ፣ በምን እንደሚለያዩ አንድ ቃል የለም። ውጤቷን ስታይ ቢሮዬ ድረስ መጣች። “ቲቸር፣ እኔ እኮ ፊልም ያለ ጽሑፍ ነው የማየው! ሃንድአውቱ ለምንድነው የማይገባኝ?” አለችኝ። ጥያቄዋ የምር ነበር።

ሁለተኛው ከኦሮሚያ የገጠር ከተማ የመጣ ልጅ ነው። ዶርም ውስጥ “ቸካዩ” ነው የሚሉት። የጂኦግራፊውን ሃንድአውት ዘጠኝ ገጽ በቃሉ ይዞታል። አስጀመርኩት፤ እውነትም አንዲት ቃል አልሳተም። “ጎሽ! በል እንግዲህ ሁለተኛው አንቀጽ ምን እንደሚል በፈለግኸው ቋንቋ ንገረኝ” ስለው ዝም አለ። ቆይቶ፣ “ቲቸር፣ የምይዘው እንዳይጠፋብኝ ነው እንጂ ገብቶኝ አይደለም” አለኝ።

እንግዲህ ለሁለቱም ልጆች “እንግሊዝኛችሁን አሻሽሉ” ብሎ መሸኘት ቀላል ነበር። ግን ምኑን ያሻሽሉ? ጂም ከሚንስ የተባለ በካናዳ የሠራ ምሁር በ1979 እ.ኤ.አ. ነገሩን ለሁለት ከፍሎታል፤ የጨዋታ ቋንቋ ሌላ፣ የትምህርት ቋንቋ ሌላ ነው ይላል። ወላጆቻቸው ወደ ካናዳ የፈለሱ ልጆች የጨዋታውን በሁለት ዓመት ገደማ ይለምዱታል፤ በትምህርቱ ቋንቋ ከእኩዮቻቸው ጋር ለመስተካከል ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅባቸዋል። ያውም እንግሊዝኛ ከጠዋት እስከ ማታ በሚነገርበት አገር! እኛ የተሰጠን አራት ወር ነው።

ጉዱ ሌላም ቦታ አለ። በ1986 ዓ.ም በወጣው የትምህርት ፖሊሲ መሠረት ልጁ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማርና 9ኛ ክፍል ሲደርስ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበት ነበር። ሰዋስው ተምሯል፤ “ፓሲቭ ቮይስ” በሉት፣ እንቅልፉ ላይ ይነግራችኋል። የ12ኛው ፈተና ደግሞ ምርጫ ነው! ታዲያ መቼ ይጻፍ? “አንድ ሙሉ ገጽ ጽፋችሁ መምህር አርሞ የመለሰላችሁ እጅ አውጡ” ስል ከአንድ ክፍል ሦስት አራት እጅ ቢወጣ ነው።

ስለዚህ አራቱን ወር ሰዋስው በመከለስ አላቃጥልም። (ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም። ሻይ ቤት ስንገናኝ እንከራከራለን።) የምጀምረው ከጥያቄው ግስ ነው። “ዲፋይን” ሲል ምንነቱን በአጭሩ ተናገር ነው። “ዲስከስ” ሲል ግን የምታውቀውን ሁሉ ዘርግፍ ማለት አይደለም፤ ይህን ወገንም ያንን ወገንም አይተህ ሚዛንህን አሳይ ነው። ይቺን ብቻ አውቆ ስንቱ ውጤቱን አሻሻለ!

ቀጥሎ ቃል ነው። አንዳንዱ ለመራቀቅ ሲል ዲክሽነሪ ከ“ኤ” ጀምሮ ይሸመድዳል። ኸረ ተው! አቭሪል ኮክስሄድ የተባለች የኒውዚላንድ ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ዝርዝር አለ። በየትኛውም የትምህርት ዘርፍ መጽሐፍ ውስጥ የሚመላለሱ 570 የቃል ቤተሰቦች ናቸው፤ እነ “አናላይዝ”፣ እነ “ኮንሴፕት”፣ እነ “ዲራይቭ”። በትምህርት ጽሑፍ ውስጥ ከመቶ ቃል አሥሩ ገደማ ከእነዚህ ነው። በቀን አምስት ብትይዙ በ114 ቀን ታልቃለች፤ አራት ወር እንኳ አትሞላም። ፊልም ላይ ግን እምብዛም አታገኟቸውም፤ የአዲስ አበባዋን ልጅ ጉድ የሠራትም ይኸው ነው።

ንባቡን በተመለከተ የማዝዘው አንድ ነገር ነው፤ አንድ አንቀጽ አንብቡ፣ ወረቀቱን ገልብጡ፣ ከዚያ ዳሩ ላይ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ የፈለጋችሁትን! ካቃታችሁ አልገባችሁም ማለት ነው፤ ተመለሱ። አሳይመንት ላይ “ኮፒ ፔስት” የሚበዛውም ሁሉም ሌባ ስለሆነ አይመስለኝም። በራስ ቃል መልሶ መናገርን ያላስተማርነው ልጅ ከመገልበጥ ሌላ ምን አማራጭ አለው? ወረቀቱን ገልብጦ የጻፈ ልጅ ግን ቢፈልግም ቃል በቃል መቅዳት አይችልም።

ደግሞ ትንንሾቹን ቃላት ልብ በሉ። “ሜይ”፣ “ቴንድስ ቱ” ሲል ጸሐፊው እየተጠነቀቀ ነው፤ “ሊሆን ይችላል” እያለ እንጂ “ነው” እያለ አይደለም። “ሃውኤቨር” ካለ ደግሞ እስካሁን ያለውን ሊያፈርሰው ወይም ሊያለዝበው ነውና ቀጥሎ ያለውን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ።

የአዲስ አበባዋ ልጅ ለሁለት ሳምንት አኩርፋኝ ነበር። ከዚያ “ኮምፔር” የተባለውን ጥያቄ ደግማ ጽፋ ጠረጴዛዬ ላይ ጥላልኝ ሄደች፤ ጥሩ አድርጋ ነበር የጻፈችው። የማካካሻውን ፈተና ሁለቱም አለፉ። አብረዋቸው ከነበሩት ያላለፉም አሉ፤ አንዱን መናኸሪያ አግኝቼው ሰላም ስለው አንገቱን ደፋ።

ቸካዩን ፍሬሽማን ከሆነ በኋላ ላይብረሪ አየሁት። ሃንድአውቱ ዳርና ዳሩ በኦሮምኛ ተሞልቷል። አንዱ አንቀጽ ጎን ሁለት ጊዜ ያሰመረበት ጽሑፍ አየሁና “ምን ማለት ነው?” አልኩት።

“‘ይሄ ሰውዬ ራሱም እርግጠኛ አይደለም’ ነው የሚለው ቲቸር” አለኝ እየሳቀ።