ከጌም የተሠራ ፊልም የዕድሜ ገደቡን ከጌሙ ይውሰድ

ከጌም የተሠራ አዲስ ፊልም በወጣ ቁጥር ኢንቦክሴ በሁለት ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። ወላጆች «ልጄ ቢያየው ችግር አለው?» ይሉኛል። ጌሙን እየተጫወቱ ያደጉት ደግሞ «ደሙን አስቀርተውታል ወይስ አለ?» ይላሉ። የሁለቱም ጥያቄ ስለ ዕድሜ ገደብ ነውና አቋሜን ከነምክንያቱ ላስቀምጥ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ አሠራር ፒጂ የተባለውን ፊልም ልጆች ሊያዩት ይችላሉ፤ ወላጅ ግን ቀድሞ ቢያስብበት ይመረጣል። ፒጂ-13 ከ13 ዓመት በታች ላሉት ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። አር ከሆነ ደግሞ 17 ዓመት ያልሞላው ልጅ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ካልሆነ ሲኒማ ቤት አይገባም። ጌሞች የራሳቸው መመዘኛ አላቸው። ለዚያ መመዘኛ መምጣት ትልቁን ጭቅጭቅ ካስነሱት ጌሞች አንዱ ሞርታል ኮምባት ነበር። በ1993 መጨረሻ የአሜሪካ ሴናተሮች ስለ ጌም ጭካኔ ጉባኤ ጠሩ፤ በ1994 ኢኤስአርቢ የተባለው የጌም ዕድሜ መዳቢ ተቋቋመ።

በዚያው በ1993 ሞርታል ኮምባት ለቤት መጫወቻ ሲወጣ ኒንቴንዶ ደሙን ወደ ላብ ቀየረው፣ ፋታሊቲ የሚባሉትን የፍልሚያ መዝጊያ ግድያዎችም አለዘባቸው። ሴጋ ግን ደሙን በምስጢር ኮድ ቆልፎ አስቀመጠው፤ ኮዱን ያወቀ ይከፍተዋል። በሽያጭ የበለጠው የሴጋው ነው። በዓመቱ ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ ኒንቴንዶም ደሙን እንዳለ ተወው። ተጫዋቹ የፈለገው ጌም ምን ዓይነት እንደሆነ ያኔውኑ ታውቋል።

የሞርታል ኮምባት ፊልምም በዚያው መንገድ አልፏል። የ1995ቱ ፒጂ-13 ነበር፤ የ2021ዱ አር ነው። በ1995ቱ ሶኒያ የተባለችው ተዋጊ የጠላቷን የካኖን አንገት በእግሮቿ ቆልፋ ትይዘዋለች። ሰውየው ይለማመጣታል፣ አንገቱን ትሰብረዋለች፣ ትዕይንቱ እንደ ቀልድ ያልፋል። አንዲት የደም ጠብታ የለችም። በ2021ዱ ሰብ-ዜሮ የተባለው ተዋጊ የባላንጣውን የጃክስን ሁለት እጆች ወደ በረዶ ቀይሮ ሲሰባብራቸው ግን ሕመሙ ተመልካቹ ድረስ ይመጣል። እጅ የማጣት ነገር ቀልድ እንዳልሆነ ያየ ሁሉ ይረዳዋል።

አቋሜም እዚህ ላይ ነው። ጌሙ ለአዋቂ ከተሠራ ፊልሙም ለአዋቂ ይሁን። ብዙ ሰው ሲኒማ ቤት እንዲገባ ተብሎ ገደቡ ዝቅ ሲል የሚወጣው ደሙ ነው፤ ግድያው እዚያው ይቀራል። የ13 ዓመት ልጅ ሰው ሲሞት ያያል፣ የሞትን ሕመም ግን አያይም። ለእኔ ከደሙ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ገንዘቡን ያየ ሰው ሊከራከረኝ ይችላል። የ1995ቱ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ የ2021ዱ ወደ 84 ሚሊዮን ገደማ። እርግጥ ሁለተኛው በኮቪድ ዘመን፣ ሲኒማ ቤት በገባበት ዕለት በአሜሪካ በኢንተርኔት በየቤቱም የታየ ነው። ግን ገደብን ዝቅ ማድረግም ለገበያ ዋስትና አይሆንም። ቦርደርላንድስ ለአዋቂ የተሠራ ጌም ሆኖ በ2024 በፒጂ-13 መጣ፤ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ግማሹን እንኳ አልመለሰም። የወደቀበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የጌሙ ወዳጆች ግን የሚያውቁትን ባለጌ ቀልድና ጭካኔ አላገኙበትም።

ነገሩን በተቃራኒው ደግሞ እንየው። ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስ በ2023 በፒጂ-13 ሲወጣ «አር መሆን ነበረበት» ያሉ ብዙ ነበሩ። አልስማማም። በ2014ቱ ጌም አንተ የሌሊት ጥበቃ ሆነህ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለህ በካሜራ ትከታተላለህ፤ በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ትልልቅ አሻንጉሊቶች ቦታቸውን እየቀየሩ ይቀርቡሃል። ፍርሃቱ ያለው መጠበቁ ላይ እንጂ ደሙ ላይ አይደለም። ፊልሙም አንድ ሰው ለሁለት ሲቆረጥ በጥላ ብቻ ነው ያሳየን። በ20 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ወደ 300 ሚሊዮን የተጠጋ ገቢ አገኘ። ሱፐር ማሪዮና ማይንክራፍትም ፒጂ መሆናቸው ትክክል ነው፤ ጌሞቹም የልጅ ናቸው።

«ልጆቹ ጌም ቤት ገብተው ሞርታል ኮምባት እየተጫወቱ አይደል እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ይጫወታሉ፤ እሱም ሊታሰብበት ይገባል። አንዱ ጥፋት ግን ለሌላው ፈቃድ አይሆንም። እኛ ጋ ደግሞ ፊልሙ በቴሌግራም፣ በፍላሽ ወይም በትርጉም ሲመጣ የዕድሜ ምልክቱ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል። ልጁ የሚያየው ፖስተሩን ብቻ ነው።

ወላጆች፣ ፊልሙን ለልጅ ከመክፈታችሁ በፊት ስሙን ፈልጉና ከዕድሜ ምልክቱ አጠገብ የተጻፈውን ምክንያት አንብቡ። ደም ነው? ስድብ ነው? ወሲብ ነው? የጌሙንም ደረጃ አብራችሁ እዩ፤ ጌሙ 17+ ሆኖ ፊልሙ ፒጂ-13 ከሆነ መጀመሪያ ብቻችሁን እዩት። ፊልም የምትተረጉሙና በቻናል የምትለቁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ከፊልሙ ስም አጠገብ የዕድሜ ገደቡን ጻፉልን። አንድ ቃል ብትጨምሩ ነው፤ ለአንዲት እናት ግን ትልቅ እገዛ ነው። እዚህ ቻናል ላይም ከዛሬ ጀምሮ ገደቡ ያልተጻፈበት ፊልም አይለቀቅም።